ደብረ ማርቆስ ላይ ጩኸት ለማሰማት ለቆረጡ የሚሆን ምክር

ይህን የሚያነቡት ውሳኔውን ከወሰኑ በኋላ ነው ብዬ ልነሣ። አሮጌ ላፕቶፕ አለዎት። ጣቢያ መያዝ ያቆመ ሬዲዮ፣ ሽቦው የተላጠ ማይክሮፎንና ከሠርግ ዕቃ አከራይ በርካሽ የተገዛ ማጉያም አሰባስበዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ የኖይዝ ሙዚቃ ሊጀምሩ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት። ቤተሰብ ገና አልሰማ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ የያዙት ነገር ሳይሰማ የሚቀር አይደለም።

እርስዎ ያውቁታል፤ ግን አስረዳኝ የሚል ስለማይጠፋ ነገሩን በአጭሩ ይያዙልኝ። ኖይዝ ሌላው ሙዚቀኛ እንዳይገባበት የሚጠነቀቀውን ሁሉ፣ ማጓራቱን፣ ማፏጨቱን፣ የመሣሪያውን ብልሽት ሰብስቦ ለብቻው የሚያስደምጥ ሙያ ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ሩሶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኦርኬስትራው ሰልችቶት የሞተሩንና የትራሙን ጩኸት የሚያወድስ መግለጫ ጻፈ፤ ቀጥሎም እጀታቸው ሲዞር የሚያጓሩ ሣጥኖች ሠርቶ መድረክ ላይ አወጣቸው። ጃፓናዊው ማሳሚ አኪታ ደግሞ መርዝቦው በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ አልበሞች አሳትሟል። ከመካከላቸው አንዱን ለእናትዎ ቢያሰሙ «ልጄ፣ ቴፑ ካሴቱን በላው» ይላሉ። ብዙም አልተሳሳቱም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሕግ ብቻ አጥብቀው ይያዙ፦ ጩኸቱ ለምንም የማይጠቅም መሆን አለበት። የሚጠራው ሰው፣ የሚያባርረው ወፍ ወይም የሚያከብረው በዓል ካለው ሥራ ሆነ ማለት ነው። የጃፓኗ ኦሳካ ላይ ይህን ሕግ መጠበቅ ቀላል ነው። ጎጃም ላይ ግን ፈተና ነው። እዚህ ሥራ ፈት ጩኸት የለም፤ የጮኸ ሁሉ ጉዳይ አለው፣ ሰሚውም ጉዳዩን ሳይጠይቅ አያልፍም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ጠቃሚ ከመሆን ይጠንቀቁ።

ከቦታ እንጀምር። የውጭዎቹ «አንደርግራውንድ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የእውነት ምድር ቤት ነው የሚያስቡት፤ ግድግዳው ያላበው፣ መብራቱ የደከመ፣ መግቢያው ጠባብ። ማርቆስ ላይ ምድር ቤት ያገኙ እንደሆነ የባንክ ወይም የሆቴል ነው፤ ሁለቱም ለእርስዎ አያከራዩም። የቀረዎት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ኮንሰርት አያዘጋጁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ 4,000 ሜትርን የሚያልፈውን የጮቄን ተራራ ተጎራብታ ነው የምትከርመው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከዚያ በኩል ተነሥቶ ይመጣና በረዶውን ቆርቆሮው ላይ ያራግፈዋል። ማጉያዎን እስከ ጥግ ቢከፍቱት አይሰማም። ታዳሚው አንገቱን አቅንቶ ወደ ጣሪያው ያያል፤ ሲያባራ ዝግጅቱ ያለቀ መስሎት ስለ ባቄላው እየተጨነቀ ይወጣል። በሌላ ቀን የሚያቀርቡትን ሁሉ ከዚያ ጋር ነው የሚያወዳድርብዎት።

ብየዳ ቤት ጥሩ ነበር። ግራይንደሩ ብረቱን ሲነክስ የሚያወጣውን ድምፅ በላፕቶፕ ለመሥራት ሳምንት ይፈጃል። ነገር ግን ባለ ብየዳው ለቅዳሜ የሚደርስ በር አለበት። ቆመው ሲያዳምጡ ጥቂት ይታገሥዎትና «እስቲ ያዝልኝ» ብሎ የላሜራውን ጫፍ ያስይዝዎታል። ማታ እጅዎ ጠቁሮ፣ በሩ ተሠርቶ፣ ቅጂው ሳይቀዳ ይመለሳሉ።

ከሁሉም ወፍጮ ቤት ይሻላል። እናቶች ጤፋቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሻሻቸውም ቅንድባቸውም ዱቄት ለብሷል። ጃፓን ውስጥ ሰው ከፍሎና ጆሮውን ወትፎ የሚገባበትን ድምፅ እነርሱ ቁምነገር አይሉትም፤ በውስጡ ያወራሉ። የልጅ ትዳር፣ የበርበሬ ዋጋ፣ የድንበር ክስ፣ ሁሉም በከንፈርና በዓይን ይደርሳል። ባለ ወፍጮው መዳፉን ከመውረጃው ሥር ይሰድና ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሸዋል። ቀጥሎ ራሱን ዘንበል ያደርጋል። የሚያዳምጠው ድንጋዩን ነው። የደነዘ ድንጋይ ድምፁ ይለያል፤ መወቀር ሲያሻው ከዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ለይቶ ይሰማዋል። በከተማው ከእርሱ የተሻለ ጆሮ ያለው የድምፅ ባለሙያ አያገኙም። ቢቀጥሩት ግን ሒሳቡን በኩንታል ሊያስብብዎት ይችላል።

መሣሪያ ከውጭ ለማስመጣትም ብር አያባክኑ። በነሐሴ ወደ ሉማሜም ሆነ ወደ ደምበጫ ወጣ ቢሉ እረኞች ጅራፍ ሲገምዱ ያገኛሉ። ቃጫው ወይም ልጡ ይታሻል፣ ይራሳል፣ ይገመዳል፤ በእጀታው በኩል የወፈረ፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ። ልጁ እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆምና ከራሱ በላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞረዋል። እስከዚህ ድረስ የሚሰማው ሹሹታ ብቻ ነው። ከዚያ ድንገት አቅጣጫውን ይመልሰዋል። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሮጠው ጉልበት የሚሸከመው ገመድ እያነሰ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት ይቀድማል። ጧ የሚለው ገመዱ የሆነ ነገር መትቶ አይደለም፤ አየሩ ራሱ ነው የሚፈነዳው። የጦር አውሮፕላን ድምፅን ሲቀድም የሚሰማው ፍንዳታ ይኸው ነው፣ በትልቁ። አሜሪካዊው አብራሪ ቸክ ዬገር እ.ኤ.አ. በ1947 ያን ድንበር በአውሮፕላን ሲያልፍ ታሪክ ተጻፈለት። የጎዛምን እረኛ በየክረምቱ ከከብት ኋላ ቆሞ በቃጫ ሲያልፈው ግን ማንም አልመዘገበለትም።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረት ስለ ኖይዝ ሰዎች የተተረተ ቢመስልዎት አልፈርድብዎትም። ሆኖም ጅራፍም ሥራ አለው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጩኸቱን ሊቃውንቱ በደብረ ታቦር ከተሰማው የአብ ድምፅ ጋር ያያይዙታል። በቀረው ጊዜ ደግሞ በሬ ይነዳል። እርስዎ በጥር ወር መድረክ ላይ ቢያጮኹት ከታዳሚው አንዱ «ቡሄ አለፈ እኮ» ማለቱ አይቀርም፤ ሌላው ዘወር ብሎ በሬውን ይፈልጋል። ጀማሪን አስቀድሞ የሚያገኘው የራሱ ጅራፍ ጫፍ ስለሆነ ጆሮዎን በጋቢ ጠቅለል ያድርጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልናገር። በነዚህ ዓመታት እዚህ አገር ድንገት ጧ ሲል የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጅራፍን አይደለም። ማጉያ ከመክፈትዎ በፊት ለጎረቤት ይንገሩ፤ ከመሸ በኋላ ጨርሶ አይሞክሩት። በየአገሩ ሰው በማስደንገጥ የሚኮራ የኖይዝ ሰው አለ። እዚህ የሚያስደነግጠው ሞልቷል።

ወደ ምክራችን እንመለስ። ጊታር የሚያውቅ ጓደኛዎ «ዲስቶርሽን ከሌለ ኖይዝ የለም» ብሎ ፔዳል እንዲገዙ ይጨቀጭቅዎታል። ፈረንጆቹ ቀድሞ የጊታርን ድምፅ በተቀደደ ስፒከርም ያሻክሩ ነበር፤ በእግር የሚረገጠው የማሻከሪያ ሣጥን ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከመግዛትዎ በፊት በገናን ይመልከቱ። ዐሥር የጅማት አውታር፣ ሰፊ በርኩማ፣ በያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ደግሞ እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ከርሷ ጋር ነው የሚታገለው። ቆዳዋን በጥፍሩ ገፋ ያደርጋል፣ አውታሩን ይነካል፣ ያዳምጣል። አልጓራም። ትንሽ መለስ ያደርጋታል። አሁንም አልጓራም። በፀጉር ውፍረት ያህል ያንቀሳቅሳታል፤ አውታሩ በቆዳዋ ላይ መንዘር ይጀምራል፣ ክፍሉም ይሞላል። እንዝራዋን ቢያወጧት የሚቀረው ቀጭን፣ ዓይናፋር ድምፅ ነው። ያ ሁሉ ግርማ በትክክለኛው ቦታ ከተቀመጠ እንቅፋት የመጣ ነው። እነ ዓለሙ አጋን የመሰሉ ደርዳሪዎች ይህን ድምፅ ይዘው ዓለምን ሲዞሩ በጨለማ አዳራሽ የተቀመጠ ፈረንጅ እንዴት እንደሚጓራ ለማየት አንገቱን ያሰግግ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እርስዎ ግን በገና ደርዳሪ ዘንድ ሄደው «የእኛም ሙያ አንድ ነው» እንዳይሉ። ፔዳልዎን ረግጠው ቢያሰሟቸው በትሕትና እስከ መጨረሻው ያዳምጡና «ለየትኛው ጾም ነው?» ይሉዎታል። መልስ አይኖርዎትም። በበገና ቤት ማጓራቱ ለሑዳዴ፣ ለጸሎት፣ ለራስ ቁጭ ብሎ ሞትን ለማሰብ ነው። እርስዎ ሞትን የሚያስቡት የመብራት ክፍያ ሲመጣ ነው።

የድንጋይ ደወልም አይንኩ። የብረት ደወል ሳይመጣ ያገለግል የነበረው፣ ዛሬም በጣና ገዳማት የሚገኘው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በትንሽ ድንጋይ የሚመታው ሰሌዳ ድንጋይ ድምፁ ልብ ይሰርቃል፤ አውቃለሁ። ግን አንዴ ቢመቱት ሕዝብ ይመጣል። በሕይወትዎ ያላዩትን ያህል ታዳሚ ያገኛሉ፤ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ለቅዳሴ የመጣ ነው።

ተፎካካሪዎችዎንም ከወዲሁ ይወቁ። የመጀመሪያው የእድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ አንዲት ድምፅ ብቻ ያውቃል፣ እርሷን እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይስባታል። ኒው ዮርክ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው ሚኒማሊስት ብለው ሽልማት ይሰጡታል። እዚህ የሰጡት ከሽልማት የሚበልጥ ነገር ነው፦ ሰምቶ ቀብር ያልመጣ አባል ይቀጣል። ታዳሚው በቅጣት የተያዘለት ሌላ ሙዚቀኛ አላውቅም። ሁለተኞቹ ላሊበሎች ናቸው። በሌሊት ከደጅ ቆመው ያዜማሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው አስቀድመው ስለሚይዙ ስምዎ በዜማ ውስጥ ሲጠራ ነው የሚነቁት። ባናዜም የሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከአባት ወደ ልጅ ወርዶላቸዋል፤ ስለዚህ ለማዜም የሚሰጡት ምክንያት ከእርስዎ ይጠነክራል። ባለቤቱ የሰጠውን ይሰጣል፣ እነርሱም መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። እንዲያቆሙ የሚከፈልበትን አሠራር ልብ ይበሉልኝ፤ ለኖይዝ የሚስማማ የገቢ ምንጭ ከዚህ ሌላ አልታየኝም። ሦስተኛው ሞንታርቦ ጭኖ የሚዞረው የማስታወቂያ መኪና ነው፤ ስለርሱ ምንም አልልም፣ ሰምተውታል።

አሁን ደግሞ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውን ክስ ይዘጋጁለት። ክሱ የሚመጣው ከአጎትዎ ነው፤ የሚመጣውም በበዓል ምሳ ላይ ነው። መልሱን በጥሞና ይያዙ። ሃሊም ኤል ዳብህ የተባለ ግብፃዊ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ ድምፅ በሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ ሴቶች ወደሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ገባ። ዛሩን ልብ ይበሉ፤ ከጎጃም እስከ ጎንደር ከበሮውንና ጭብጨባውን የማያውቅ የለም፣ አጎትዎም ያውቁታል፣ ምናልባት ከሚናገሩት በላይ። ኤል ዳብህ ቅጂውን ይዞ ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ። ዋናዎቹን ድምፆች ቀነሰ፣ በክፍሉ ማስተጋባት እየተጫወተ ደግሞ ደጋግሞ ቀዳው፣ በመጨረሻ ከሴቶቹ ዜማ የቀረው ጥላውና ንዝረቱ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ በሥዕል አዳራሽ አሰማው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርና የድስት ድምፅ ቆራርጦ የአዲስ ሙዚቃ አባት የተባለው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው። ለካ ያ ጥበብ አንደኛ ክፍል የገባው ከዛር ቤት ተነሥቶ ኖሯል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ኤል ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን ከየአገሩ ሰብስቦ በአንድ መድረክ አስቀመጣቸው። በገናና ማሲንቆ ጎን ለጎን! አንዱ ለሑዳዴ፣ ሌላው ለጠጅ ቤት የተፈጠረ ሆኖ። ከዚህ ሰው ሥራ ውስጥ ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ዛር ቤት ያሉት ሴቶች ጩኸቱ ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ መንፈሱን ለማስታረቅ ነው። እርሱ ያደረገው ጩኸቱን ከሥራው አሰናብቶ ማስደመጥ ነው። እርስዎም የሚመኙት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እርሱ ያሰናበተውን ይዞ አዳራሽ ገባ፤ እርስዎ የሚኖሩት ቀጣሪው ሠፈር መካከል ነው።

አጎትዎ ካልረኩ ጌታቸው መኩሪያን ይጥቀሱላቸው። የይፋቱ ልጅ ሽለላን፣ ጀግና ጦሩን እየነቀነቀ የሚሸልለውን፣ በሳክስፎን ማሰማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። አሜሪካውያኑ ፍሪ ጃዝ ብለው ሳክስፎን ማስጮኽ ከመጀመራቸው በፊት መሆኑን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይንገሯቸው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዘ ኤክስ የተባሉ የኔዘርላንድ ፓንኮች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አምስተርዳም ጠሩት፤ እርሱም ወዷቸው አጅቡኝ አላቸው፣ «ሞአ አንበሳ» የሚለው አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ጊታራቸውን እንደ ብረት የሚቀጠቅጡ ፈረንጆች ከሰባ ዓመት አዛውንት ኋላ ቆመው ሽለላ ሲቀበሉ ያስቡት። ከአዲሶቹም ቢሆን ማሲንቆና የአዝማሪ ድምፅ በኮምፒውተር እየቆራረጠ የሚሠራው ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አሳትሟል፤ እንደገና ሙሉም ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ኖይዝ አይደሉም፤ ለአጎትዎ ግን ልዩነቱን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

ስለ ታዳሚው ጠባይም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። የጆን ኬጅን ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ፒያኒስቱ አራት ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አንዲት ቁልፍ ሳይነካ የተቀመጠበትን፣ ማርቆስ ላይ ለማቅረብ እንዳይሞክሩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይላል አንዱ። ሌላዋ ውኃ ታመጣለች። ሦስተኛው ደመወዝ አልተከፈለውም ብሎ አዘጋጁን ይሳደባል። ዝምታም እዚህ ያለ ጉዳይ አይኖርም።

ስብራትም እንዲሁ። ሃናታራሽ የተባሉት ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1985 ቶኪዮ ውስጥ መሪያቸው ኤክስካቫተር ነድቶ የአዳራሹን ግድግዳ በርቅሶ ገባ፤ ታዳሚው ለሚደርስበት ጉዳት አልከስም ብሎ አስቀድሞ ፈርሞ ነበር ይባላል። ዛሬም በኖይዝ ሰዎች ዘንድ እንደ ገድል ይነገራል። ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደውለው ይህን በአድናቆት ቢያወሩ ግን ወዳጅዎ አይገረምም። በመላኩ በላይ የተመራው የካዛንቺሱ ፈንዲቃ፣ አዝማሪዎችና ከአውሮፓ የመጡ የፍሪ ጃዝ ሰዎች አብረው ያመሹበት ቤት፣ በ2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ኤክስካቫተሩ መጥቶ ነበር፤ ለሙዚቃ ብሎ ግን አልነበረም። ስለዚህ የግድግዳ ማፍረስ ሐሳብዎን ቢተዉት ይሻላል፤ ሙያው ተይዟል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ተቺው ነው። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር መሆኑን አይርሱ። እዚህ ሰም ያየ ወርቁን ሳይፈልግ አያድርም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማጉያዎን አስጩኸው፣ አልቦዎት፣ ጆሮዎ እየጮኸ ሲቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ከኋላ ይነሡና «ገብቶናል» ይላሉ። ይጨነቁ። የመጀመሪያው ማጓራት የማዳበሪያው ዋጋ ነው፤ ማፏጨቱ ማዳበሪያውን የሚያዘገየው ሰው ነው፤ መካከል ላይ መብራት ሲጠፋ የሆነው ዝምታ ደግሞ የኛ የገበሬዎቹ ነው፤ ብለው ያስረዳሉ። ታዳሚው ያጨበጭባል። እርስዎ ምንም ማለትዎ እንዳልነበረ ቢምሉ ጥንቃቄ ነው ብለው ይበልጥ ያከብሩዎታል። ማስታወቂያው ላይ አስቀድመው «ወርቅ የለውም» ብለው ቢጽፉ ደግሞ የባሰ ነው፤ ያኔ የጸጥታ ሰውም ወርቁን ሊፈልግ ይመጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ የዚሁ የጎዛምን ሰው፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሣን የፈጠሩልን እንዲሁ አይደለም። ሰው ጉዱ ቢልዎት ይቀበሉት፤ ስሙ በዚህ አገር እንደ ዲግሪ ነው።

ይህን ሁሉ ጠብቀው፣ ከበዓልም ከጾምም ከወርቅም ሸሽተው፣ ለማንም የማይጠቅም ጩኸት አገኙ እንበል። ማይክሮፎኑን ወደ ስፒከሩ ሲያስጠጉት የሚያፏጨው፣ ጥርስ የሚያነቃንቀው፣ ዝንብ የሚያባርረው ያ ነው። ዝንብ የሚያባርረው ብዬ አመለጠኝ። ዜናው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል። በመስከረም መጨረሻ አንድ አያ እገሌ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርደው ቆላ ተነሥተው በርዎን ያንኳኳሉ። ማሽላቸው እሸት ይዟል፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ወፉና ዝንጀሮው ተማክረው ነው የሚመጡት። «ያችን የምታፏጨዋን ነገር ለአንድ ወር ብታውሰኝ» ይላሉ።

እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ደጅ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። ቡና ያስፈሉ፣ ይስማሙ። አንድ ኩንታል ማሽላ ብዙ አይደለም፤ ማጉያው ከተበላሸ ግን ሁለት እንደሚሆን በምስክር ፊት ያስነግሩ። ባትሪው በሳምንት አንዴ ሉማሜ ወጥቶ ይሞላ፣ ክፍያው የእርሳቸው ይሁን። ቁልቁል የአህያው ኪራይም የእርሳቸው ነው፤ ሽቅብ ሲመለስ ግን እኩል መካፈል ልማድ ነው ቢሉዎት አይከራከሩ።